አልቫሬዝ ላሊበላ ላይ ለምን ማለ? የሩቅ አገር ተጓዦችና የማይታመን እውነታቸው

ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ፖርቱጋላዊ ቄስ ነው። በ1520 ምጽዋ ላይ ከወረዱት የፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ነው ወደ ኢትዮጵያ የገባው። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ስድስት ዓመት ቆየ። በዚህ መሃል ላሊበላ ደረሰ። ከአለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት እየተዘዋወረ አየ። ዓምዱን፣ መስኮቱን፣ በሩን፣ ጣሪያውን ጻፈ። ጻፈና አንድ ቦታ ላይ ብዕሩ ቆመ።

ስለ እነዚህ ሥራዎች ከዚህ በላይ መጻፍ ሰለቸኝ አለ። ብጨምርበት የሚያምነኝ ያለ አይመስለኝም፣ እስካሁን የጻፍኩትንም ውሸት ነው ይሉኛል ብሎ ሰጋ። ከዚያም ማለ። በእግዚአብሔር ስም፣ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፣ እንዲያውም ያልጻፍኩት ይበልጣል አለ።

ዛሬ ላሊበላ የሄደ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል። ቤተ ጊዮርጊስን አፋፉ ላይ ሆኖ ቁልቁል ላየ መሐላው ምን ያደርጋል? ሊዝበን ቁጭ ብሎ የሚያነበው ሰው ግን ሄዶ ማየት አይችልም። ፎቶ የለም። ያለው ምስክር አንድ ቄስ ብቻ ነው። ይህ ቄስ ደግሞ አንድ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ከአንድ ድንጋይ ተፈልፍሎ ወጣ እያለ ነው። እናንተ ብትሆኑ ታምኑ ነበር?

የጉዞ ጽሑፍ ትልቁ ችግር ይኸው ነው። ብዙ ሰው የድሮ ተጓዦችን ሲያነብ «ይህ ሰው እውነተኛ ነው ወይስ ውሸታም?» ብሎ ይጀምራል። ነገሩ ግን ከዚያ የበለጠ የተወሳሰበ ነው። እውነት የተናገሩት ውሸታም ተብለዋል። ከአገራቸው ወጥተው የማያውቁት ደግሞ ሊቅ ተብለዋል። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ተጓዡን ብቻ ሳይሆን ሌሎች ሁለት ሰዎችንም ማየት ያስፈልጋል። አንዱ አገር ቤት ሆኖ የሚሰማው ነው። ሌላው በሄደበት አገር ወሬውን የነገረው ነው።

መጀመሪያ የሰሚውን ነገር በቤታችን ላስረዳ። ልጅ ሆኜ ከዓረብ አገር የተመለሰ አንድ ዘመድ ነበረን። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቦ ያወራል። «ደረጃው ራሱ ነው የሚሄደው፤ አንተ ዝም ብለህ ትቆማለህ፣ ፎቅ ላይ ያደርስሃል» አለ። አያቴ ከረከቦቱ ቀና ብላ አየችውና «አሁንስ በዛ!» አለችው። ያው ሰውዬ ቀጥሎ «እዚያ ወርቅ እንደ ሽንኩርት በየመንገዱ ነው» ሲል ግን ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። የወርቁን ወሬ ከሌላም ሰምታው ነበር። የሚሄድ ደረጃ ግን ማንም ነግሯት አያውቅም። እውነቱ ተጣለ፣ ግነቱ አለፈ።

ይህ የአያቴ ብቻ ጠባይ አይደለም።

ማርኮ ፖሎን እንውሰድ። በ1271 ከአባቱና ከአጎቱ ጋር ከቬኒስ ሲወጣ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። የተመለሰው በ1295 ነው። 24 ዓመት! መጽሐፉን ግን ራሱ ቁጭ ብሎ አልጻፈውም። ቬኒስና ጄኖዋ በባሕር ሲዋጉ ተማርኮ ጄኖዋ እስር ቤት ገባ። እዚያ በ1298 ሩስቲኬሎ የሚባል የፒሳ ሰው አገኘ። ሩስቲኬሎ ደግሞ የፈረሰኞችና የነገሥታት ጀብዱ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነው። አንዱ እያወራ ሌላው እየጻፈ መጽሐፉ ተወለደ። መክፈቻው ራሱ ሩስቲኬሎ ቀድሞ ለጻፈው የጀብዱ መጽሐፍ ከተጠቀመበት ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ማርኮ ፖሎን ስናነብ የምንሰማው የሁለት ሰው ድምፅ ነው። የነጋዴው ዓይንና የልብ ወለድ ጸሐፊው ቅመም አንድ ድስት ውስጥ ተቀላቅለዋል።

ነጋዴው ሲያወራ ወዲያው ይታወቃል። ከእንጆሪ ዛፍ ልጥ ስለሚሠራ የወረቀት ገንዘብ ይነግረናል። እንደ እንጨት ስለሚነድ ጥቁር ድንጋይ ይነግረናል፤ የድንጋይ ከሰል ማለቱ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ለአውሮፓ ሰሚ ግን ወረቀት ሰጥቶ ሐር መግዛት ተረት ነው የሚመስለው።

እኔ ከሁሉም የምወድለት ግን ሱማትራ ላይ ያየውን ነው። አንድ ቀንድ ያለው እንስሳ አየ። በአውሮፓ ተረት አንድ ቀንድ ያለው እንስሳ የታወቀ ነው፤ እንደ ፈረስ ያማረ፣ ለድንግል ልጃገረድ ብቻ እጁን የሚሰጥ። ማርኮ ፖሎ ያየው ግን አውራሪስ ነበር። ሌላ ስም ስለሌለው በተረቱ ስም ጠራው። ከዚያ ግን በጣም አስቀያሚ ነው፣ ጭቃ ውስጥ መንከባለል ይወዳል፣ እኛ አገር እንደሚወራው በፍጹም አይደለም ብሎ ጻፈ። ስሙን ከአገሩ አመጣ፣ ዓይኑ ግን አልዋሸም። የድሮ ጉዞ ጽሑፍ ላይ «እንዲህ ያለ እንስሳ የለም» ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ይህን አስታውሱ።

ያላየውን ሲያወራ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስለ ምሥራቅ አፍሪካ የጻፈው በሙሉ ከሌላ የሰማውን ነው። ስለ ሐበሻ ንጉሥም ይተርካል፤ ሐበሻ ግን አልደረሰም። ማዳጋስካር ብሎ በጠራት ደሴት ዝሆን ሞልቷል፣ ሰዉ የግመል ሥጋ ይበላል ይላል። ደሴቷ ላይ ዝሆንም ግመልም የለም። ብዙ ሊቃውንት የመቋድሾን ወሬ ነው ከደሴቷ ጋር ያደባለቀው ይላሉ። የደሴቷ ስምም ከዚሁ ስህተት ሳይመጣ አልቀረም። እንግዲህ የአንድ ትልቅ አገር ስም ካርታ ላይ የቀረው በወሬ መደበላለቅ ነው ማለት ነው።

ኢብን ባቱታ ደግሞ በ1325፣ በ21 ዓመቱ፣ ከታንጀር ለሐጅ ተነሣ። ሐጁን አድርጎ ይመለሳል ሲባል ወደ 30 ዓመት ገደማ ሲዞር ኖረ። እሱም እንደ ፖሎ የራሱን መጽሐፍ ራሱ አልጻፈም። የሞሮኮው ሱልጣን አቡ ዒናን አዘዘና ፌዝ ከተማ ውስጥ ኢብን ጁዘይ ለሚባል ጸሐፊ እየነገረው ተጻፈ። ማስታወሻ ነበረው ወይ? ቡኻራ ላይ የገለበጠውን ሕንድ ባሕር ላይ ዘራፊዎች እንደወሰዱበት ራሱ ይናገራል። አብዛኛው በቃሉ ነው ማለት ነው። የጎደለውን ጸሐፊው ሞላለት። ስለ ደማስቆና ስለ መካ የሚያወራው ብዙው ነገር ከእሱ 150 ዓመት ገደማ ቀድሞ ከተጓዘው ከኢብን ጁበይር መጽሐፍ የተወሰደ ነው። ያን ጊዜ ይህ እንደ ስርቆት አይታይም ነበር። የታወቀ ቦታን በታወቀ ሰው ቃል መግለጽ የጨዋ ወግ ነው።

ግን ዘይላዕ ሲደርስ የማንም ቃል አያስፈልገውም። በ1331 አካባቢ ነው። ትልቅ ከተማ ነው፣ ገበያው ትልቅ ነው ይላል። ሆኖም በዓለም ላይ እንደዚህ የቆሸሸ፣ እንደዚህ የሚሸት ከተማ የለም ሲል ይጨምራል። ምክንያቱንም ይነግረናል፤ የዓሣው ብዛትና በየመንገዱ የሚታረደው ግመል ደም። ባሕሩ እየተናወጠ እንኳ መርከቡ ላይ ማደርን መረጠ። ከዚያ መቋድሾ ሄደ። እዚያ መርከብ ሲመጣ ወጣቶች በትንንሽ ጀልባ የተከደነ ምግብ ይዘው ይወጣሉ። እያንዳንዱ ወጣት ሳህኑን አንድ ነጋዴ ፊት ያስቀምጥና «ይህ የእኔ እንግዳ ነው» ይላል። እንግዳውም እሱ ቤት ያርፋል፣ ዕቃውንም በእሱ በኩል ይሸጣል። ይህን ማንም ከመጽሐፍ አይገለብጠውም። አፍንጫና ሆድ ያስታወሰው ነው። እኔ በበኩሌ አንድ ተጓዥ ቦታው ላይ መድረሱን የማረጋግጠው በእንዲህ ያለ ነገር ነው። ስለ ንጉሡ ግርማ ማንም ያወራል። የት እንዳደረና ለምን እንደዚያ እንዳደረ የሚያወራ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ የነበረ ነው።

ይህም ሆኖ አልታመነም። ታላቁ የታሪክ ሊቅ ኢብን ኻልዱን እንደሚነግረን፣ ኢብን ባቱታ ስለ ዴልሂው ሱልጣን ሀብት ሲያወራ የፌዝ ቤተ መንግሥት ሰዎች በሹክሹክታ ውሸታም ይሉት ነበር። ሱልጣኑ ከጉዞ ሲመለስ ለሕዝቡ ገንዘብ በወንጭፍ መሣሪያ ይረጫል ሲላቸው ማን ይመን! ኢብን ኻልዱን ራሱ ተጠራጠረና ለአንድ ሚኒስትር አጫወተው። ሚኒስትሩ በተረት መለሰለት።

አንድ ባለሥልጣን ከነልጁ ታሰረ። ልጁ እስር ቤት አደገ። ነፍስ ሲያውቅ «የምንበላው ሥጋ የምን ነው?» ብሎ ጠየቀ። «የበግ ነው» አለው አባቱ። «በግ ምንድን ነው?» አባቱ ቁመናውን፣ ጸጉሩን፣ ጭራውን ዘርዝሮ ነገረው። ልጁም «እንደ አይጥ ማለት ነው?» አለ። ስለ ከብት ሲነግረውም ያው፣ ስለ ግመል ሲነግረውም ያው። ልጁ በሕይወቱ ያየው እንስሳ አይጥ ብቻ ነበርና።

ኢብን ኻልዱን ከዚህ የወሰደው ትምህርት ቀላል ነው። ያላየኸውን ስላላየኸው ብቻ አትካድ፤ ሊሆን የሚችለውንና የማይችለውን ግን መዝን። እኛ «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የምንለው መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ተገላቢጦሹ እንሂድ። በ14ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጆን ማንደቪል በሚል ስም አንድ የጉዞ መጽሐፍ አውሮፓን አጥለቀለቀ። በእጅ ከተጻፉት ቅጂዎች ወደ 300 የሚሆኑ ዛሬም አሉ፤ የማርኮ ፖሎ 150 ገደማ ናቸው። ሊቃውንት ሲመረምሩት አብዛኛው ከሌሎች ተጓዦች መጻሕፍት የተለቃቀመ ሆኖ ተገኘ። ውስጡ የውሻ ራስ ያላቸው ሰዎች አሉ። ስለ እኛም አለው። ኢትዮጵያ ውስጥ ባለ አንድ እግር ሰዎች አሉ፣ እግራቸው ከመስፋቱ የተነሣ ፀሐይ ሲበረታ ጋደም ብለው እንደ ጃንጥላ ይዘረጉታል ይላል።

ይህ ለምን ታመነ? ምክንያቱም አዲስ አልነበረም። ባለ አንድ እግሩን ሰው ሮማዊው ፕሊኒ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ ጽፎታል። የተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ማንደቪል ለአንባቢው የሰጠው አንባቢው ቀድሞ ያለውን ነው። የወርቅና የሽንኩርቱ ነገር ነው።

አውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ የነበራት ትልቁ ተረት ግን ይህ አይደለም። ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ ነው። በ1165 አካባቢ የእሱ ነው የተባለ ደብዳቤ አውሮፓ ውስጥ ተሠራጨ። ከእስላም አገሮች ባሻገር ያለ፣ ወርቁና ዕንቁው የማይቆጠር ክርስቲያን ንጉሥ ነው። መጀመሪያ እስያ ውስጥ ፈለጉት። አጡት። ከ14ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ተረቱን አንሥተው ኢትዮጵያ ላይ አስቀመጡት። የአልቫሬዝ መጽሐፍ በ1540 ሊዝበን ሲታተም እንኳ ርዕሱ የቄሱ ዮሐንስ አገር እውነተኛ መረጃ የሚል ነበር። «እውነተኛ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ዐፄ ልብነ ድንግል እንዲህ ተብለው ተጠርተው አያውቁም። ሆኖም አሳታሚም አንባቢም የሚያውቀው ያንን ስም ነው።

ተረቱ ምን ያህል ጉልበት እንደነበረው የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለ። በዚህ ርዕስ ላይ ከማውቀው ሁሉ ይህ ነው የሚያበሳጨኝ። ሉዊስ ደ ኡሬታ የሚባል መነኩሴ ስፔን፣ ቫሌንሲያ ተቀምጦ በ1610 ስለ ኢትዮጵያ ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ። ኢትዮጵያን አላየም። አምባ ግሸን ላይ ተቆጥሮ የማያልቅ መጽሐፍ የያዘ ቤተ መጻሕፍት እንዳለ ሁሉ ጻፈ። በዚያው ዘመን ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ሌላ ስፔናዊ ካህን ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። አማርኛና ግዕዝ ተምሯል። ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ይውላል ያድራል። የኡሬታ መጽሐፍ ሲደርሰው አለቆቹ መልስ እንዲጽፍ አዘዙት። ጻፈ፤ ትልቅ የኢትዮጵያ ታሪክ ሆነ። የአገሩን ዜና መዋዕል ጭምር ተርጉሞ አስገባበት። በ1622 ሞተ። መጽሐፉ ግን መቼ ታተመ? በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ። አገሩን ያላየው ሰው ወዲያው ታተመ፣ ያየው ሰው ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው መደርደሪያ ላይ ተኛ።

ፓኤዝ በሚያዝያ 1618 ከንጉሡ ጋር ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ አይቷል። ይህን መያዝ አለብን፤ ምክንያቱም ቀጣዩ እንግዳችን ይህን ሊክድ ነው።

ጄምስ ብሩስ ስኮትላንዳዊ ነው። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ጸጉሩ ቀይ፣ ጠባዩ ኩሩ። በ1769 ምጽዋ ገባ፤ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ደረሰ። የራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን ነው፤ አገሩ በጦርነት ይታመሳል። ፈንጣጣ የገባበት የመሳፍንቱ ቤት ሐኪም ሲፈልግ ብሩስ ልጆቹን አከመ። በዚህ እቴጌ ምንትዋብንና ወይዘሮ አስቴርን ወዳጅ አደረገ። ጎንደሬው ያቆብ ይለው ነበር። ኅዳር 4 ቀን 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ። ከምንጩ ውሃ ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ 3ኛ ጤና ጠጣ። «አገኘሁት!» ነው ነገሩ። የአካባቢው የሰከላ ሰው ግን ምንጩ ጠፍቶበት አያውቅም። ጠበሉን ይጠጣል፣ ይጠመቅበታል፣ መንገዱንም ለብሩስ ያሳየው እሱ ነው።

ብሩስ በ1774 ሎንዶን ሲመለስ መጀመሪያ ሰዉ ከበበው። ከዚያ ሳቀበት። ካሳቁት ነገሮች አንዱ ምን ይመስላችኋል? ሰዎች በግብዣ ላይ ጥሬ ሥጋ ይበላሉ ማለቱ! እንግዲህ ዛሬ ጾም ሲፈታ ቁርጥ ቤት ደጃፍ ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ይህን ማስረዳት ይከብዳል። እርግጥ ብሩስ ከዚያም አልፎ፣ አክሱም አቅራቢያ ወታደሮች ከቆመች ላም ሥጋ ቆርጠው ቆዳዋን መልሰው ገጥመው ሲነዷት አየሁ ብሏል። ይህን ከቁርጥ ጋር አናምታታው። ያኛው ለእኛም ይከብዳል፤ ከእሱ በኋላ የመጡ ተጓዦችም ሲከራከሩበት ኖረዋል።

ትልቁ ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰንም አላመነውም። ጆንሰን ወጣት ሳለ በ1735 የካቶሊክ ሚሲዮናዊውን የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ተርጉሞ ነበር። ስለዚህ «እኔ አውቃለሁ» ባይ ነው። ኢትዮጵያን በመጽሐፍ ያወቀ ሰው ኢትዮጵያ የኖረውን ሰው መረመረው። አንድ የሚወራ ጨዋታም አለ። በግብዣ ላይ ብሩስን «እዚያ ምን የሙዚቃ መሣሪያ አለ?» ብለው ጠየቁት። «አንድ ላየር ያየሁ ይመስለኛል» አለ፤ በገናና ክራርን የመሰለውን ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ላየር ሲባል ውሸታም ከሚለው ቃል ጋር ድምፁ አንድ ነው። ጆርጅ ሴልዊን የሚባል ቀልደኛ ወደ ጎረቤቱ ጎንበስ ብሎ «አዎ፣ እሱ ከወጣ ወዲህ ደግሞ አንድ ጎድሎባቸዋል» አለ ይባላል።

ብሩስ ተናደደ። ወደ ስኮትላንድ ገብቶ ዝም አለ። አምስቱን ቅጽ መጽሐፉን ያሳተመው በ1790 ነው። ምንጩን ካየ 20 ዓመት አልፎታል። በ20 ዓመት ትዝታ ይቀያየራል፤ ቂምም ይገባበታል።

ታዲያ ብሩስ እውነተኛ ነው ወይስ ውሸታም? ሁለቱንም ነው። የጎንደርን ቤተ መንግሥት፣ የሰዉን ኑሮ፣ የጦርነቱን ነገር የጻፈው አብዛኛው በኋላ ተረጋግጧል። መጽሐፈ ሄኖክን በግዕዝ ሦስት ቅጂ ይዞ ወጥቷል፤ አውሮፓ ሙሉው መጽሐፍ ጠፍቶባት ነበር። ይህን ሰው በውሸታም መመደብ ግፍ ነው። ግን ፓኤዝ ምንጩን አላየም ብሎ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ፤ አይቶ ነበር። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ ረዳት ነበረው። እስከ ምንጩ አብሮት ሄዷል። ጎንደር ላይ በ1771 ሞተ። ብሩስ በመጽሐፉ ግን ከምንጩ ጉዞ በፊት የሞተ አስመሰለው። ክብሩን ለሁለት መክፈል አልፈለገም። እንግዲህ ሎንዶን እውነቱን ውሸት ብላ ሳቀች፤ እውነተኛው ውሸቱ ደግሞ ማንም ሳያየው አለፈ።

ከብሩስ በኋላ ተጓዥ በመሐላ ብቻ የሚታመንበት ዘመን እያለፈ ሄደ። የጂኦግራፊ ማኅበራት ተቋቋሙ። ኬክሮስህን ለክተህ አምጣ፣ ቀኑን ጻፍ፣ የዕፅዋት ናሙና ያዝ ይሉ ጀመር። የፓሪሱ ማኅበር ምዕራብ አፍሪካ ያለችው ቲምቡክቱ ከተማ ደርሶ ተመልሶ ለሚናገር 10,000 ፍራንክ ሽልማት አወጣ። ረኔ ካዬ የሚባል ድሃ ፈረንሳዊ፣ ግብፃዊ ሙስሊም ነኝ፣ በልጅነቴ ፈረንሳዮች ወስደውኝ ነው እያለ በ1828 ደረሰ። አውሮፓ የጠበቀችው የወርቅ ከተማ ነበር። እሱ ያየው ፀጥ ያለ የጭቃ ቤት ብቻ ነው። እንዳየው ጻፈ። እንግሊዞች አላመኑትም። 25 ዓመት ቆይቶ ጀርመናዊው ሃይንሪክ ባርት ሄዶ ሲያይ ካዬ እውነቱን ነበር። መለኪያ መጣ እንጂ ሰሚው አልተለወጠም ነበር።

አንዳንዱን ነገር ደግሞ መለኪያም አያገኘውም። በር ያስፈልጋል። የአውሮፓ ወንዶች ስለ ቱርክ ሴቶች ጓዳ ብዙ ጽፈዋል፤ አብዛኞቹ ግን አልገቡበትም። ሌዲ ሜሪ ሞንታጉ የእንግሊዝ አምባሳደር ሚስት ሆና በ1717 ስትሄድ በሩ ተከፈተላት። ሶፊያ ከተማ ውስጥ የሴቶች መታጠቢያ ቤት ገባች። ልብስሽን አውልቂ አሏት። ቀሚሷን ከፈት አድርጋ ወገብ የሚያጠብቀውን ክር የበዛበት የውስጥ ልብስ አሳየቻቸው። ሴቶቹ አዘኑላት። ባልሽ ነው እዚህ ውስጥ የቆለፈብሽ ብለው አሰቡ። ወንዶቹ ተጓዦች የቱርክን ሴት እስረኛ ሲሉ፣ የቱርክ ሴቶች ደግሞ እስረኛዋን እንግሊዛዊት ውስጥ አዩ። ደብዳቤዎቿ የታተሙት ከሞተች በኋላ፣ በ1763 ነው።

እስካሁን ያወራሁት ወደ ሩቅ አገር ስለሄዱት ነው። የተጎበኘው ሰውስ አይሄድም ነበር? ይሄዳል። ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ኢየሩሳሌምና ሮም በእግርና በመርከብ ሲመላለሱ ኖረዋል። አልቫሬዝ ሲመለስ ከልብነ ድንግል የተላኩ አምባሳደር፣ ጸጋ ዘአብ፣ አብረውት ሄደዋል። ፖርቱጋል ላይ ሃይማኖታቸውን እየመረመሩ አስጨነቋቸው፣ ቁርባንም ከለከሏቸው። እሳቸውም የኢትዮጵያን እምነትና ሥርዓት በራሳቸው ቃል ጻፉ። ዳሚያኦ ደ ጎይሽ ወደ ላቲን መልሶ በ1540 አሳተመው። ዓመቷን አያችኋት? የአልቫሬዝ መጽሐፍ የወጣባት ናት። ፖርቱጋላዊው ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው ሊዝበን ላይ ታተመ። ኢትዮጵያዊው ስለ ራሳቸው የጻፉት ፖርቱጋል ውስጥ እንዳይሸጥ ታገደ።

ወደ ውጭ ሄዶ ያየውን በአማርኛ ለአገሩ ሰው መጻፍ በሰፊው የመጣው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓን ሄደው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። እዚያ እንግዲህ ዓይኑ የእኛ ነው፤ እንግዳ የሆነው አገር የሌላ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አባ ጎርጎርዮስ አሉ። የአምሐራ ሰው፣ የመካነ ሥላሴ። ሮም ላይ በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ጀርመናዊ ጋር ተገናኙ። በ1652 ጀርመን አገር ጎታ ከተማ ድረስ ሄዱለት። የጎታው ልዑል ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ቁጭ አድርጎ ያስጠይቃቸው ጀመር። ስለ ንጉሥ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ምግብ፣ ስለ እንስሳት፣ ስለ ቃላት። ሉዶልፍ ይጠይቃል፣ አባ ይመልሳሉ፣ ሉዶልፍ ይጽፋል። በ1681 የወጣው የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ ከዚህ ጭውውት የተሠራ ነው። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። ነገር ግን እንደ ኡሬታ ከአእምሮው አልፈጠረም፤ የሚያውቀውን ሰው ጠየቀ፣ ስሙንም ጠቀሰ። የአባ ጎርጎርዮስ ሥዕል ሳይቀር በሥራዎቹ ውስጥ አለ። ብሩስንና ፖሎን መንገድ የመሩት፣ ያስተረጎሙላቸውና የነገሯቸው ሰዎች ብዙዎቹ ይህን እንኳ አላገኙም።

አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ላይ ሞቱ። ሮምን ያዩ፣ የአልፕስን ተራራ የተሻገሩ፣ የጀርመንን ክረምት የከረሙ ሰው ናቸው። ለሉዶልፍ የጻፏቸው ደብዳቤዎች ተርፈዋል። ስለ ጀርመን የጻፉት የጉዞ መጽሐፍ ግን የለም። ጎታ ላይ «እርስዎስ ይህን አገራችንን እንዴት አዩት?» ብሎ ወረቀት ይዞ የተቀመጠ አልነበረም።